ለሙታን የተተወው ቅርንጫፍ

ጃውኒ ቅርንጫፉን ወደ ታች ጎትታ ሙጫውን በአውራ ጣቷ ጥፍር ፈገፈገችው፤ የምትፈልገው ቢጫ ነጥብ የለም። ሌላውን ጎተተች፤ እሱም ላይ የለም። ሦስተኛው ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጥብ ያየች መሰላትና ዓይኗን በልብሷ ጫፍ ጠራርጋ ደግማ ብታይ፣ እውነትም አለች። ግን እንዲህ ያለች ነጥብ ገና ሁለት ሳምንት ትፈልጋለች። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ለተራራው መንገድ ሥራ ሰው የሚጭነው መኪና የሚመጣው ማክሰኞ ነው። ልጇ ሳኒካ ደግሞ ሻንጣውን ከትናንት ወዲያ አዘጋጅቶ በር ላይ አስቀምጦታል።

"ምን ነበረበት ትንሽ ብትፈጥኚ?" አለቻት ነጥቧን። ሰው ሲጨንቀው ከዛፍ ጋር ያወራል፤ እኛም አውርተን እናውቃለን።

እንዳትታዘቧት። ጃውኒ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት። ትልቁ ሶምራ ከአራት ዓመት በፊት በዚያው መኪና ሄዶ፣ ሰሜን በረዶ አገር መንገድ ሲቆርጥ ተራራው ተናደበትና በሣጥን መጣ። ሣጥኑ በምስማር ተመትቶ ነበር። አትክፈቺው አሏት፤ አልከፈተችም። እስከ ዛሬ አንጀቷን የሚበላት ያ ነው፤ ልጄን ሳላየው ነው የቀበርኩት ትላለች። ከጅረቱ ዳር፣ አባቱና አያቶቹ ካሉበት ከጠፍጣፋው ድንጋይ ሥር ነው ያረፈው። ያ ሙጫውን የምትፈገፍግበት ዛፍ፣ ኩሱም የምንለው፣ የቆመውም እዚያው፣ ከድንጋዩ አሥር እርምጃ ርቆ ነው።

አሁን ደግሞ ሳኒካ ተነሳ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? ሶምራ ቃል የማይወጣው ዝምተኛ ነበር፤ ሳኒካ ግን እንቅልፍ ካልወሰደው በቀር አፉ አያርፍም። እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ልሁን፣ ዝንጀሮ ልጠብቅ፣ ይላታል። ሩዙ የግማሽ ዓመት ነው፤ ሌላውን ግማሽ የሚያበላን ይህ ሙጫ፣ ላኹ ነበር፤ ላኹ ደግሞ ሞቷል፤ እኔስ ምን ላርግ ብሎ ይስቃል። ሳቁ ነው የሚያስፈራት።

ላኹ ሞቷል ያለው ውሸት አይደለም። እንኳን የኛ መንደር፣ ማዶ ያሉትም ጭምር ባዶ ቀርተዋል። ያለፉት ሁለት በጋዎች ፀሐዩ ቅርንጫፍ ላይ እንዳለ ቀቅሎ ጨረሰው። ይህቺ የላኽ ፍጥረት እንግዲህ የቅማል ዘመድ ናት፤ ስትወለድ ከበርበሬ ብናኝ አትበልጥም፣ ቀይ ናት፣ ስድስት እግር አላት። በነዚያ እግሮች የምትሄደው አንድ ቀን ወይ ሁለት ቀን ነው። ለስላሳ ቀንበጥ ስታገኝ አፏን ትሰካለች፣ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ አትነሳም። እግሯም ይጠፋል፣ ዓይኗም ይጠፋል። የዛፉን ወዝ እየመጠጠች በላይዋ ላይ ሙጫ ትደርባለች፤ ሙጫው ቤቷ ነው፣ መቃብሯም እሱው ነው። ከውስጥ ነጫጭ ክር ታወጣለች፤ ክሩ ካለ አለች፣ ክሩ ከረገፈ የለችም። ወንዱ ክንፍ አውጥቶ ሁለት ቀን ዞሮ ይሞታል፤ ስለሱ ብዙ የሚወራ የለም። እሷ ግን ሆዷ ውስጥ አምስት መቶም ስድስት መቶም ልጅ ይዛ ትቀመጣለች። የከተማ ሰው ለአምባርና ለማኅተም የሚፈልገው ሙጫውን ነው፤ እኛ ግን ከሁሉ በፊት የምንፈልገው ልጆቹን ነው። ልጆቹ ያሉበት እንጨት ከሌለ ዘር የለም፣ ዘር ከሌለ ላኽ የለም።

በዚያ በጋ ክሩ ያልረገፈው በጃውኒ ኩሱም ላይ ብቻ ነበር። ጅረቱ አጠገብ ስለሆነ ይሁን፣ የድንጋዩ ጥላ ስላረፈበት ይሁን እንጃ። አሮጌው ጋንዱር፣ የመንደሩ አለቃ፣ ሙታኖቹ እያራገቡላት ነው ይላል።

ታዲያ ጃውኒና ልጇ ተነጋገሩ። መኪናው ከመምጣቱ በፊት ላኹ ከደረሰ ይቀራል፤ ለመቁረጡም፣ በየዛፉ ለማሰሩም፣ በኋላም ለመጠበቁ ጉልበት ያስፈልጋልና። ካልደረሰ ይሄዳል። ሳኒካ ይህን ያለው እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ነው፣ በመሐላ። ቅር እንዳላት አይቶ ደግሞ ቀለደባት፤ "ትሎችሽን ለምኛቸው፣ አንቺን ይሰሙሻል" አላት።

ለመነቻቸው። አልሰሟትም።

መቼ እንደሚደርስ የምታውቀው እሷ ናት። ይህን ከአማቷ ነው የወረሰችው፤ ከሱ በኋላ በመንደሩ ቢጫውን የሚያነብ ሌላ ሰው የለም። ልጆቹ ሊወጡ ሲቃረቡ በእናትየው ሙጫ ላይ ቢጫ ነጥብ ትታያለች፤ ነጥቧ ሰፍታ ሰፍታ ግማሹን ስትይዝ አምስት ስድስት ቀን ቀራት ማለት ነው፤ ያኔ ነው የሚቆረጠው። ከዛፍ የተቆረጠች እናት የምትመጠው የለም፤ አምስት ቀን ከሆነ ሆዷ ውስጥ ባለው ስንቅ ልጆቿን ታደርሳቸዋለች። ሁለት ሳምንት ሲቀራት ከተቆረጠች ግን ልጆቹ ሆዷ ውስጥ እንዳሉ ይደርቃሉ። ይህን ጃውኒ ከማናችንም ይልቅ ታውቃለች። ደግሞ በኛ ዘንድ የሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ ሙጫ መፈግፈግ ነውር ነው፤ የዛፉ ባለቤት ደረሰ ካለ ደረሰ ነው፣ ማንም አያጣራም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋንዱር በትሩን እየጎተተ ጅረቱ ድረስ ወረደ። አሥራ አራት ቤት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ዘር ደግሞ አይከለከልም፤ አንድ እፍኝ ሩዝ በቅጠል ይዞ የመጣ ሰው ዘሩን ይዞ ይሄዳል፣ ልማዳችን ነው። ሽማግሌው ከዛፉ ሥር ቁጢጥ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ።

"እንግዲህ ጃውኒ፣ ያንቺ ዓይን ከኔ ጥርስ ይሻላል ብለን ነው የምንጠብቅሽ፤ እኔ የቀረኝ አንድ ነው" አላት። "ምን ይመስላል? መቼ እንቁረጥ?"

ሳኒካ ከኋላው መጥቶ ቆሞ ነበር። መልሷን እየጠበቀ ነው፤ ሳቁ የለም። ጃውኒ ፊቱን ስታይ ሣጥኑ ታያት። ምስማሩ ታያት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስትናገር፣ አፌ ነው የተናገረው እኔ አይደለሁም ትላለች፤ እኔ ግን እሷ ናት እላለሁ፣ እናት ስለሆነች።

"ደርሷል፣ ጋሼ" አለች። "ነገ ይቆረጥ።"

ሳኒካ ትንፋሹን ለቀቀ። እሷም ይህን ሰማች፤ ልጁም መሄድ አልፈለገም ነበር ማለት ነው። ይህ እያደር የባሰ አቃጠላት።

እሑድ ተቆረጠ። ወጣቶቹ በቀርከሃ መሰላል ወጥተው፣ ሳኒካ ከሁሉ በላይ ሆኖ፣ ቅርንጫፉን በቆንጨራ እየቆረጡ ጣሉ። ሴቶቹ ከሥር ለቅመው በክንድ ልክ እየከረከሙ ሦስት ሦስቱን በልጥ ያስራሉ። የቀረው ጫፉ ላይ ያለው አንዱ ቅርንጫፍ ብቻ ነው፣ ወደ ድንጋዩ ያዘነበለው። እሱ የሙታን ነው። ስንቆርጥ ሁልጊዜ ከጫፉ አንድ እንተዋለን፤ ልጆቹ ሲወጡ ወፍም ይብላቸው፣ ጉንዳንም ይውሰዳቸው፣ ያሉበት ይቅሩ፤ የሰው እጅ አይነካውም። ሳኒካ እላይ ሆኖ "ሶምራ፣ ድርሻህን ትቼልሃለሁ!" ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጃውኒም እንደሰው ሳቀች።

በየቤቱ ማከፋፈሉ ተጀመረ። ሳልጊ ተራዋ ደርሶ እፍኝ ሩዟን በቅጠል ይዛ መጣች። ባሏ ትቷት የሄደ፣ ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ጎረቤቷ ናት። አምና የገረዘችው አንድ ኩሱም አላት፤ ለስላሳ ቀንበጥ አውጥቶ ዘር ይጠብቃል። እንጨቱን ተቀብላ አገላበጠችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እትዬ ጃውኒ፣ ይሄ ቢጫው አላነሰም ወይ አለቻት።

"ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ቢጫ የምታነቢው?" አለቻት ጃውኒ፣ ሰው እንዲሰማ አድርጋ።

ሳልጊ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችና እንጨቷን እንደ ሕፃን ታቅፋ ሄደች። ጃውኒ ለአርባ ስድስት ዓመት በኖረችበት መንደር ሰው አዋርዳ አታውቅም። ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም።

ማክሰኞ መኪናው መጣ። ጡሩንባውን ነፋ፤ ሳኒካ በር ላይ ቆሞ ሻንጣውን ወደ ውስጥ መለሰ፤ መኪናው ከማዶ መንደር ሦስት ልጆች ጭኖ ሄደ። ጃውኒ እንደ ልጅ ልትዘል ምንም አልቀራትም። ያላትን አንድ ዶሮ አረደች። የሩዝ ጠላ ጠመቀች። ልጇ ሲበላ ተቀምጣ አየችው፤ አጥንቱን ሲግጥ፣ ጣቱን ሲልስ። ከሶምራ ወዲህ እንደዚያ ቀን ሆዷ ሞልቶ አያውቅም። ደግሞ ማን ያውቃል አለች ለራሷ፤ ዝናብ ነው፣ እርጥበት አለ፣ አንዳንዴ ነፍሳትም ይታገሣሉ። ሰው ሲዋሽ መጀመሪያ የሚያታልለው ራሱን ነው።

አምስት ቀን አለፈ። ሰው ሁሉ እንጨቱን በየራሱ ኩሱም ላይ አስሮ፣ ዛፉ ሥር እየቆመ አንገቱን ያንጋጥጣል። ልጆቹ ሲወጡ ቅርንጫፉ በቀይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል፤ ዱቄቱ ግን ይንቀሳቀሳል። ያንን ነው የሚጠብቁት። የለም። ሰባተኛው ቀን ላይ ጋንዱር ዘንድ ጥቂት ወጡ ተባለ፤ ጃውኒ እየሮጠች ሄደች። አንድ መቶ ቢሆኑ ነው። ቀለማቸው ገርጥቶ፣ አንድ ስንዝር ያህል ተጉዘው፣ አፋቸውን ሳይሰኩ እመንገድ ላይ ቀርተዋል። ስትነካቸው ከጣቷ ጋር መጡ። ስምንተኛው ቀን ነጫጭ ክሮቹ መርገፍ ጀመሩ። ዘጠነኛው ቀን ሙጫውን ብትሰብረው ውስጡ ደርቋል፤ ሕያው ሲሆን የሚፈሰው ቀይ ውሃ የለም፣ እንደ አሮጌ ተልባ ይንኮሻኮሻል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ጃውኒ የምትለቅመው እንኳ አልነበራትም።

እሷ ከቤት መውጣት ፈራች። ሳኒካ ግን ከዛፍ ዛፍ ይዞራል፤ ጉንዳን ይሆናል፣ የነጯ ብል ትል ይሆናል፣ ዝናቡ አጥቧቸው ይሆናል እያለ ምክንያት ይፈልግላታል። እናቴ ተሳሳተች የሚል ሐሳብ ባጠገቡ አላለፈም። አንድ ጊዜ ብቻ አንቺ ምን ይመስልሻል አላት፤ እኔ ምን አውቃለሁ ብላ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

አሥረኛው ቀን ጋንዱር ሰው ሰበሰበ። ከትልቁ የተምር ዛፍ ሥር፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሁሉም መጥቷል። ከዚያ አንዱ፣ ዘሩ ሲከፋፈል ዓይኑን የጣለበት ሰው አለ አለ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ ቢጫው አነሰ ያለችው ማን ነበረች፣ በአፏ ያሟረተችው ማን ነበረች አለች። ስም አልጠራችም፤ ግን የሁሉም ፊት ወደ ሳልጊ ዞረ። በኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ከዓመታት በፊት ማዶ መንደር ዓይኗ በላ የተባለችውን ሴት ምን እንዳደረጓት ልጆች እንኳ ያውቃሉ። ሳልጊም ታውቃለች፤ ሁለት ልጆቿን ጎትታ ጉያዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

አንዱ ጎንበስ ብሎ ከመሬት አንድ ነገር አነሳ። ድንጋይ ይሁን ሌላ ነገር አላየሁም።

ጃውኒ ተነሳች።

"ሳልጊ ምንም አላደረገችም" አለች። "እኔ ነኝ። አልደረሰም ነበር።"

ማንም የገባው አልነበረም። ጋንዱር በትሩን መሬት ላይ አድርጎ፣ ምን ማለትሽ ነው ልጄ፣ ተሳስተሽ ነው አላት፤ ዓይን ይደክማል፣ ሰው ነሽ አላት። መውጫ ከፈተላት፣ ሽማግሌ ነውና። እሱን ይዛ መውጣት ትችል ነበር።

"አልተሳሳትኩም፣ ጋሼ። ሁለት ሳምንት እንደሚቀረው አውቅ ነበር። ማክሰኞ ስለነበረ ነው።"

"ማክሰኞ ምን ነበረ?"

"መኪናው።"

ያኔ ሁሉም ሳኒካን አየው። ልጁ ከተምሩ ግንድ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ፊቱ ደም አልነበረውም። የአሥራ አራት ቤት ዘር፣ የማዶዎቹም ተስፋ፣ ለሱ ተብሎ መድረቁ ገባው። ሰዎቹ የተሳደቡትን ስድብ አልጽፈውም። ጋንዱር ሥራውን ያበቃ ሰው ይመስል በትሩን አንስቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ በሁለተኛው ቀን መኪናው ተመለሰ። ሰው አንሶናል አሉ፤ ከኛ መንደር ደግሞ አሁን እምቢ የሚል አልነበረም። ዘጠኝ ወጣቶች ወጡ፤ መሰላል መውጣት የሚችሉት በሙሉ ማለት ነው። ሳኒካ ዘጠነኛው ነው። ጃውኒ እግሩ ላይ ወደቀች። እኔ አይቻለሁ፤ እንደ እብድ ነው የለመነችው፤ ምታኝ፣ ስደበኝ፣ ብቻ አትሂድ አለችው። ቀና አደረጋትና ፀጉሯ ላይ ያለውን አፈር አራገፈላት።

"እኔን አንዱን ለማስቀረት ብለሽ ዘጠኛችንን ሸኘሽ፣ እማ" አላት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ነው የነበረበት። "ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ አምንሻለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ደረሰ ያልሽኝ ቀን ሥራውን ጥዬ እመጣለሁ። ዋሽተሽ ከጠራሽኝ ግን ያ የመጨረሻው ነው፤ አታገኚኝም።"

መኪናው ሄደ። መንደሩ ውስጥ የቀረነው አሮጊት፣ ሽማግሌ፣ ሴትና ሕፃን ነን።

በዚያ ሁሉ መሀል የረሳነው አንድ ነገር ነበር። ከተቆረጠ በአሥራ አራተኛው ቀን ጃውኒ ወደ ድንጋዩ ሄደች፤ ከሰው ጋር መነጋገር ስላቃታት ከሶምራ ጋር ልትነጋገር። ቀና ስትል ያ ጫፍ ላይ የተተወው ቅርንጫፍ ብርቱካንማ ቢጫ ሆኗል። ከሥሩ ደግሞ ቅርፊቱ ላይ ቀይ ዱቄት አለ። ዱቄቱ ይሄዳል።

በሰዓቱ ነው የወጡት። እሷ ያኔ ካነበበችው ቀን አንዲት ቀን እንኳ አላሳለፉም።

ጮኸች። የደረሰችላት ሳልጊ ብቻ ናት። አዎ፣ ያቺው ሳልጊ። ጋንዱርም ዘግይቶ ደረሰ፤ ቀና ብሎ አይቶ፣ እሱ የሙታን ነው፣ ደግሞስ ማን ይወጣል አለ። እውነቱን ነው፤ ሁለት ቀን ውስጥ ለስላሳ ቀንበጥ ላይ ካልደረሱ ያልቃሉ፤ የጃውኒ ዛፍ ደግሞ ገና መቆረጡ ነው፣ አንድ ቀንበጥ የለውም። መሰላል የሚወጡት ዘጠኙም መኪና ላይ ናቸው። በኛ ዘንድ ሴት ዛፍ አትወጣም፣ የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም።

ጃውኒ ከቤት የተረፈውን የሩዝ ጠላ አምጥታ ድንጋዩ ላይ አፈሰሰችው። "ሶምራ፣ ድርሻህን ስጠኝ" አለች። "ለወንድምህ ነው።" መልስ አልጠበቀችም። ልብሷን በጉልበቷ መሀል አሳልፋ ታጠቀች፣ ቆንጨራውን ወገቧ ላይ ሻጠች፣ መሰላሉን ያዘች። ሳልጊ ሳትጠየቅ ከሥር ደገፈችላት።

እንዴት እንደወጣች እሷም አታውቀውም። ሁለት ጊዜ እግሯ ከዳት፤ አንዱን ጊዜ በጥርሷ ነው ቅጠል የያዘችው እስክንል ድረስ ተንጠለጠለች። ጋንዱር ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ቅርንጫፉን ቆርጣ በጥርሷ ነክሳ ወረደች፤ መሬት ስትደርስ ፊቷ ላይ፣ ከንፈሯ ላይ፣ ሽፋሽፍቷ ላይ ቀያይ ሕፃናት ይሄዳሉ። ሳልጊ በቅጠል አንድ በአንድ ለቀመቻቸው።

ጃውኒ እንጨቱን አቅፋ ወደ ቤቷ አልሄደችም። በቀጥታ ሳልጊ ኩሱም ሥር ሄደች። ለስላሳ ቀንበጥ ያለው እዚያ ነው፤ ደግሞም ሌላ ምክንያት ነበራት፣ መናገር አላስፈለገም። በልጥ አሰሩት። በማግስቱ ቀንበጡ ቀልቶ ነበር። ብል ትሉ ከአሮጌው እንጨት ወጥቶ እንዳይበላቸው በሃያ አንደኛው ቀን ፈትተው አቃጠሉት። በሁለተኛው ወር ነጫጭ ክሮች ታዩ፤ ቅጠሉ ላይ ማር የመሰለ ፈሳሻቸው ተንጠባጠበ፣ ጉንዳን ወጣ። ሕያው ነው። አንድ ዛፍ ብቻ፣ ያውም ግማሹ።

ስልክ የሚሠራው ድንጋዩ ጋ ነው፤ ሳኒካም እሑድ እሑድ ይደውላል። አጭር ነው የሚያወራው። ቀልዱ የለም። አሁን ባለፈው እሑድ ሲደውል ነፋሱ ድምፁን ይነጥቀዋል። ጃውኒ ስልኩን ከፍ አድርጋ ስለያዘችው እኔም ሳልጊም ጋንዱርም እንሰማለን።

ነገ የመጨረሻው መኪና ይወርዳል አለ። ከዚያ መንገዱ በበረዶ ይዘጋል፣ እስከ በጋ የሚወጣ የለም። አለቃቸው ክረምቱን ለሚቆይ ሥራ አለ ብሏል። ትናንት ደግሞ በላያቸው ድንጋይ ተንዶ ነበር፤ ማንንም አልነካም። ይህን ሁሉ እንደ ተራ ወሬ ነገራት። ከዚያ ጠየቃት።

"ላኹ ደረሰ ወይ፣ እማ?"

ሶምራ የሞተው በዚያው ወቅት ነው፣ በዚያው ተራራ። አንዲት ቃል ናት። ደርሷል ማለት፤ ነገ መኪናው ላይ ነው። ደግሞ እዚያ ተራራ ላይ ሆኖ ማጣራት አይችልም። ሳልጊ ክንዷን ያዘቻት፤ በያት፣ በያት እያለች ነው መሰለኝ። እኔ ብሆን እላት ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እላት ነበር። ጃውኒ የሳልጊን ዛፍ ዞር ብላ አየች። ቢጫ የሚባል ነገር የለም፤ ሦስት ወር ይቀረዋል።

"ገና ነው" አለችው።

ነፋስ ብቻ ይሰማል።

"ገና ነው፣ ልጄ። አንድ ዛፍ ነው ያለን፣ እሱም የሳልጊ። ለሁሉ ዘር ለመሆን ሌላ ዓመት ይፈልጋል። ምንም የለኝም።" ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። "ግን ና። ላኹ ስለደረሰ አይደለም። እኔ ስለፈለግሁ ነው። ና።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎን ነበር። ከዚያ፣ ሩዙ ምን ያህል አለ አላት። የግማሽ ዓመት አለችው።

"እሺ" አለ። ስልኩም ያኔ ተቋረጠ።

ሳልጊ ምን አለ ብላ ጠየቀች፣ ሰምታ ሳለ። እሺ አለ አለቻት ጃውኒ። እሺ ምን፣ እመጣለሁ ነው ወይስ ገባኝ ነው፣ አለ ጋንዱር። ማን ያውቃል? ደውለን ደውለን አይነሳም፤ እዚያ ላይ መስመር የለም።

ከዚያ ተራራ እኛ ጋ ለመድረስ በመኪናና በባቡር አራት ቀን ይፈጃል። ሰኞ ከወረደ ሐሙስ ነው የሚደርሰው። ዛሬ ረቡዕ ነው። ጃውኒ ከጧት ጀምራ መኪናው የሚቆምበት መንገድ ዳር ተቀምጣለች፤ የሁለት ሰው ሩዝ በቅጠል ጠቅልላ ይዛለች። ነገ ነው ብንላትም አልሰማችንም።